የአባቴ እርጥብ እጅጌ

የመኪናዬ ጣሪያ ሸራ ነው። ፀሐይ ሲሆን ከፊት ያሉት ሁለት መንጠቆዎች ይፈቱና ሸራው ከነቅስት ብረቶቹ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ፈረንጆች ይህን ይወዱት ነበር፤ መቀመጫው ላይ ቆመው ጭላዳ ፎቶ ያነሣሉ። እኔ ያኔ ለእነሱ ድንኳን ተካይና ጓዝ ጫኝ ነበርኩ። እንግዳው ሲመናመን የመኪናዋ ባለቤት ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደ፣ እሷም በእኔ እጅ ገባች። ደባርቅ ላይ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ሰኔ ሲገባ ነው። ጎረቤቶቼ ሳልፍ እያዩ ይሥቁብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲሣቅብኝ እልህ ይይዘኛል፤ እልህ ሲይዘኝ ደግሞ ሌላው የሚያየውን ነገር አላይም።

መኪናዋን የያዝኳት ለአባቴ ብዬ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ዳባት፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉበት ደብር ግን ደባርቅ ነው። ማኅሌቱ ላይ የሚቆሙባት ቦታ አለቻቸው፤ ከአንዱ ምሰሶ በስተቀኝ። እሷ ባዶ እንዳትውል ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳባት ይመጣሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳሉ። ሚኒባስ ሞልቷል። ረዳቶቹ ግን መቋሚያቸውን ተቀብለው ከላይ ከጭነቱ ጋር ያስሩታል፣ አባቴ ደግሞ ያንን ሲቆሙ የሚደገፉበትን ረጅም ዘንግ ከእጃቸው መለየት አይሆንላቸውም። ከእኔ መኪና ግን ከኋላዬ ይቀመጡና መቋሚያውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ይይዙታል። ፊት መቀመጥ አይወዱም። “መንገዱ ሮጦ ይመጣብኛል” ይላሉ።

የመጀመሪያው ዝናብ የመታን ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ከዳባት ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አንድ እፍኝ ቀዝቃዛ ውኃ አንገቴ ላይ ዱብ አለ። ጮህኩ። መሪጌታ አባቴ ከኋላዬ መቀመጣቸውን ረስቼ ልደግመው የማልፈልገውን ነገርም ተናገርኩ። ቤት ስደርስ ሸራው ላይ ጥፍር የማታክል ቀዳዳ አገኘሁ፤ በማስቲሽ ቁራጭ ሸራ ለጠፍኩባት። ከዚያ ወዲያ እኔ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም።

አባቴ ግን መበስበስ ጀመሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዳባት ሳደርሳቸው እህቴ ጋቢያቸውን ስትቀበል እጅጌያቸውን ያዘችና ደነገጠች። ቀኝ እጃቸው ከአንጓቸው እስከ ብብታቸው፣ ከዚያም እስከ ደረታቸው ውኃ ነው። ጥምጥማቸው ደረቅ ነው። ትከሻቸው ደረቅ ነው። የተቀመጡበትን ዳሰስኩት፤ ደረቅ። ከላይ የሚያፈስ ቢሆን ራስን ትቶ ብብት ውስጥ እንዴት ይገባል? ግራ ገባኝ። “አባየ፣ የት ላይ ነው የሚያፈስብዎ?” አልኳቸው።

“ክረምት ነዋ!” አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ዕለት ባለቤቴን ሁለት ጀሪካን ውኃ አስይዤ ደጃፍ ላይ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ልክ አባቴ በሚቀመጡበት ተቀመጥኩ። እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ አፈሰሰች። ውኃው ሸራው ላይ ሮጦ በጎን ወረደ። ጠብታ የለም። እንደገና አስሞልቼ አስደገምኳት። የመስኮቶቹን ጎማ በጣቴ ተከትዬ ዳሰስኩ፣ ምንጣፉን ገልጬ አየሁ፣ ከበሩ ሥር ያለችውን የውኃ መውጫ ቀዳዳ በሽቦ ጠረግኩ። ባለቤቴ ከሦስተኛው ጀሪካን በኋላ፣ “አንተ ከበሰበስክ ይበቃህ ነበር?” ብላኝ ገባች። እኔ ደረቅ እንደሆንኩ ቀረሁ፤ እንደዚያ ቀን በመድረቄ የተናደድኩበት ቀን የለም።

ቅዳሜ አባቴ እንደገና በሰበሱ። እሑድም። የበለጠ የከፋኝ ያው እጅ መሆኑ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። በመስኮት እጃቸውን ያወጡ ይሆን? እርጅና ይሆን? እንደ ልጅ ዝናብ ያማራቸው ይሆን? አባትን እንዲህ ብሎ ማሰብ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አፍሬ ተውኩት፤ ደግሞ ሌላ መልስ ሳጣ ተመልሼ እዚያው እገባለሁ።

በሐምሌ አጋማሽ ያስላቸው ጀመር። እህቴ እንደ እኔ አትወዛገብም፤ ነገር ትቆርጣለች። በር ላይ ቁማ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ “ስማኝ ወንድምዓለም” አለችኝ፤ “በሚመጣው እሑድ እንዲህ ራሰው ከመጡ፣ ፍልሰታን ከዚሁ ዳባት ያስቀድሳሉ። እስከ መስከረም ከዚች ቤት አይወጡም።”

“እትዬ፣ ፍልሰታን?”

“ቦታቸው እንደሆነ አትሸሽም። ሳንባ ነው የሚሸሽ።”

አባቴ አልተቆጡም፣ አልለመኑም። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መቋሚያ ቁመው አዩትና ራት አልበላም አሉ። አንጀቴን በሉት። ፍልሰታን ከዚያ ምሰሶ አጠገብ ሳይቆሙ ያሳለፉበት ዓመት በእኔ ዕድሜ አላውቅም።

ደባርቅ እንደተመለስኩ በቀጥታ የሄድኩት ድንኳን ሰፊው ዘንድ ነው፤ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ የተቀደደ ድንኳን ሁሉ እሱ እጅ ያልፋል። ስፌቱን እያየ፣ “በመርፌ ቀዳዳው ይሆናል” አለ። “ሰም አቅልጠህ ቀባው። ከውጭ።” ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንድ ድቡልቡል ሰም ለምኜ አመጣሁ። ነገር ግን በሐምሌ ደባርቅ ላይ የሸራ ውጭ መቼ ይደርቃል? ሦስት ቀን ጠብቄ ሲሰለቸኝ ከውስጥ ቀባሁት። ጋለል ባለ ካውያ እያሟሟሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ። መኪናዋ ውስጥ የቤተ መቅደስ ሽታ ሸተተ። አባቴ ቅዳሜ ሲገቡ አየሩን ስበው ፈገግ አሉ፣ እኔም በዚህስ ድኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ወርዶ የማያባራ ዝናብ ነበር። ጉሙ ከመንገዱ ላይ ተኝቶ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ዐይኔ ከፊት መስተዋቱ አልተነቀለም። አልፎ አልፎ ከራሴ በላይ ዷ የሚል ድምፅ እሰማለሁ፣ ወዲያው ውኃ ከመስኮቴ ውጭ ይንዠቀዠቃል። ነፋስ ነው አልኩ። አንገቴ ደረቅ ነው። ደብሩ በር ላይ ቆሜ በደስታ ዞር ስል የአባቴ ቀኝ እጅጌ ይንጠባጠባል።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። መሪውን በቡጢ መታሁት። አባቴ “አይ ልጄ፣ ምንም አይደል” ብለው ወረዱና ጋቢያቸውን ጠቅልለው ወደ ቅጥሩ ገቡ። እኔ እዚያው ቀረሁ። እልሁም አለቀብኝ። መቀመጫውን ተንተርሼ ዝም ብዬ ሽቅብ አየሁ።

ልክ ከራሴ በላይ፣ በቀባሁት ሰም ላይ፣ ምልክቶች አሉ። አንድ አይደሉም፤ ዐሥር ይሆናሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ጎበጥ ያሉ፣ ስንዝር የሚያህሉ፣ ከግራም ከቀኝም ጫፍ ያላቸው። እጄን ብሰድ ሸራው እዚያ ላይ ረግቧል፤ ከላይ አንድ ቅል የሚያህል ውኃ ተኝቶበታል። ቅስት ብረቱ እዚያ ጋ ጎብጦ ኖሯል። ጀሪካን ሲደፋበት ውኃው ይሮጣል፤ ሰዓት ሙሉ ሲዘንብበት ግን ይጠራቀማል። ጣቴ የነካበት ቦታ ወዲያው ወዛ፣ ውኃው በእጄ አንጓ ሾልኮ ወደ ክርኔ ወረደ።

ስንት ክረምት ለስንት ፈረንጅ “የራሰ ድንኳን ከውስጥ አይነካም፤ ከተነካ ያስገባል” ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

አባቴ ቅጥሩ ውስጥ ካለችው ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጎበጥ ያለው የመቋሚያው ራስ ላይ የተለጠፈውን ሰም በጥፍራቸው ይፍቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አባየ፣ በመቋሚያው ይገፉታል እንዴ?”

“ያን ቀን አንገቴ ብለህ ጮኸህ አልነበር?” አሉ፣ ከሰሙ ቀና ሳይሉ። “ከበላይህ እንደ እንስራ ይሞላል። አንተ መንገድ ታያለህ፤ እኔ ሥራ የለኝ። ሲሞላ ገፋ አደርገዋለሁ፣ በጎን ይሄዳል።”

“እጅዎ ላይ እኮ ነው የሚወርደው።”

“አንገትህ ላይ ከሚወርድ አይሻልም?”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርህማ ገደል ጥግ ላይ ሽቅብ ልታይ ነው” አሉኝ።

አለቀስኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ከዚያ ዳስ ቶሎ መነሣት አልቻልኩም። እጃቸውን ያዝኩና በጋቢዬ አደራረቅሁ። እሳቸው ሲያፍሩ ተውኩ። ከዚያ ሳይመሽ ድንኳን ሰፊውን ከቤቱ አወጣሁት። የጎበጠውን ብረት አቃናን፣ በሥሩ ጠንካራ ጠፍር ወጥረን አሰርን፣ ሸራው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ።

እሑድ ስንመለስ ዝናቡ ያው ነው። የውስጡን ስፖኪዮ ከመንገዱ አነሣሁና አባቴ ላይ አደረግሁት። አባቴ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሽቅብ፣ ከራሴ በላይ ያያሉ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ “ደረቅ ነህ?” አሉኝ።

“ደረቅ ነኝ አባየ።”

መቋሚያቸውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ዐይናቸውን ግን ከዚያች ቦታ አላነሡም።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችን። ቀኝ እጅጌያቸውን ያዘች፣ ጨመቀችው፣ ግራውንም ጨመቀች። ደረቅ ነው። “እንግዲህ ለፍልሰታ ይሂዱ” አለች፣ ቅር እያላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ “የት ኖሯል የሚያፈሰው?”

ከመሪው በላይ ያለውን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

“ያ ያንተ መቀመጫ አይደለም እንዴ? እሳቸው ታዲያ በምን በሰበሱ?”

መልሱን ሳላወጣው አባቴ በመሃላችን አልፈው ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር።

“ክረምት ነዋ!” አሉ።