ካርታ እየጣለ የሚያድር ሰው

ምህረቴ የሚተዳደረው በፖከር ነው። ወፍጮ ቤቱን ትቶ ካርታ ከያዘ ሦስት ዓመቱ፤ እንጅባራም ጫግኒም ተወዳድሯል። አጨዋወቱ ግን የሚያስገርም ነው፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ካርታውን ይጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል። ካርታው ያማረለት በገንዘብ ፈንታ በሚቆጠር ጠጠር ይወራረዳል፤ ያላማረለት ጥሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። በመጨረሻ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች መሐል ይዘረጋሉ፤ ከእጁ ጋር አጋጥሞ የበለጠው ጠጠሩን ይወስዳል። ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል። መጠበቅም ታዲያ በነጻ አይደለም፤ ተራ በደረሰ ቁጥር ጥቂት ጠጠር ይቆረጣል። ስለዚህ ምህረቴ በጣለ ቁጥር የቀረውን ጠጠር ይቆጥራል።

ቅዳሜ ዕለት፣ ዳንግላ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ አራት ሰው ቀርቶ ነበር። ሦስቱ ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር ያልፋሉ። ሚስቱ የሻረግ ቁርጡን ነግራዋለች፤ «ካላለፍህ ሰኞ ወፍጮ ቤት!» ከአራቱ ያነሰ ጠጠር የቀረው ደግሞ እሱ ነው።

«አቶ ጣለው፣ ዛሬም ልትጥል ነው? ለመጣሉማ ቤትህ አይሻልም ነበር?» አለው የጫግኒው ሽመክት።

ምህረቴ ካርታውን ገለጥ አድርጎ አየ። ሁለት አስ! ከዚህ የሚበልጥ የለም። ጠጠሩን ሁሉ ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ በሩ ተከፈተና የባለሆቴሉ አባት አባባ ብሥራት ከዘራቸውን እየተደገፉ ገቡ።

«ኖር!» ብሎ ምህረቴ ብድግ አለ። ሁሉም ብድግ አሉ።

«በእግዜር! ኧረ ቁጭ በሉ ልጆቼ።»

«ደንቡ ካርታ ይዞ የተነሳ ካርታው ይሞታል ይላል። አራታችሁም ተነስታችኋል፤ ዙሩ ተሰርዟል» አለች ዳኛዋ ቤዛዊት። እሷም ቆማ ነበር።

«እንዴ! ሽማግሌ ሲገባ ተጎልተን እንጠብቅ?» ሽመክት ጮኸ። እሱም ደህና ካርታ ይዞ ኖሯል።

እንደገና ታደለ። ሽመክት ንዴቱ ስላልበረደለት ጠጠሩን ጠቅልሎ ገፋ። ተራው የምህረቴ ሆነ። ሁለት አሥር ይዟል፤ የሚያጓጓ ካርታ ነው። ግን ከእሱ ቀጥሎ ያለው የእንጅባራው ዓለምነው ጠጠሩ እንደ ክምር ነው፤ እጁም ከወዲሁ ጠጠሩ ላይ አርፏል። ይህ ሰው ሽመክትን ሊገጥመው ነው። ታዲያ ሁለቱ ቢጋጠሙ ምህረቴ መሐል ምን አገባው? ሁለቱን አሥሮች እንደገና አያቸው።

ጣላቸው።

«አላልኋችሁም!» ብሎ ሽመክት ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ ዓለምነው ጠጠሩን ገፋ፤ አራተኛው ሰው ጣለ። ዓለምነው ሁለት ንጉሥ ገለጠ። የሁሉም የሆኑት አምስት ካርታዎች መሐል ላይ ተዘረጉ፤ አንዱም ሽመክትን አላዳነውም። ሽመክት ወጣ፤ የሚያልፉት ሦስቱ ቀሩ።

ምህረቴ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ደወለ።

«የሻረግ፣ አለፍሁ!»

«እሰይ! በምን አሸነፍህ?»

«ኧረ ማንንም አላሸነፍሁ። ሳልወጣ ቀረሁ እንጂ።»