የዳሃቦ ቂቅ ምላስ

ሂባቅ አክስቷን በደንብ አውቃታለሁ ብላ አታውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፤ ከአንድ ሰሃን በልተዋል፤ ልጅ ሆና ስትታመም በዚያች ሴት ጀርባ ላይ ታዝላ ነው ሐኪም ቤት የሄደችው። ሆኖም ስለ ኤዶ ዳሃቦ ንገሪን ቢሏት የምትጀምርበት ይጠፋታል። የአባቷ እህት ስለሆነች ነው ኤዶ የምትላት። ዳሃቦ ወሬ አይቸግራትም፤ ቡርኦ ከተማ ውስጥ እሷን ያህል ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ራሷ ግን አንድ ቃል አይወጣትም።

የሚታወቀው ይህን ያህል ነው። በድርቁ ዘመን ባሏን ቀብራ ከገጠር መጣች። የተረፏትን ፍየሎች ሸጣ ከሰል ገዛች፤ ከሰሉን በቆርቆሮ እየሰፈረች መቸርቸር ጀመረች። ወንድሟ ባሕር ተሻግሮ ሲቀር ልጁን ሂባቅን ወስዳ አሳደገች። ውሎ አድሮ ድስቷ ከከሰሏ በላይ ስም አወጣ። ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ ልጁን የሚድር ሰው ቀን የሚቆርጠው ከሙሽራው ዘመዶች ጋር ሳይሆን ከዳሃቦ ጋር ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። እዚያ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ የእሷ «ቂቅ» ነው፤ ጭስ ማለት ነው። በዚህ ስም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

አንድ ልማድ ነበራት። የሠራችው ምግብ ሲጥማት አትናገርም፤ አውራ ጣቷ ብቻ ጨው እንደሚፈትግ ሰው ሌባ ጣቷን ፈተግ ፈተግ ያደርጋል። ይህን ከሂባቅ በቀር ልብ ያለ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

ጣጣው የመጣው ሂባቅ ገበያው ዳር የጋዝ ሱቅ የከፈተች ጊዜ ነው። ሰማያዊዎቹን ሲሊንደሮች በር ላይ ደረደረች፤ ለሚመጣው ሁሉ ምድጃውን እያበራች ታሳያለች። ሰዉ ይመጣል፣ እሳቱን ያያል፣ ይደነቃል። ከዚያ «ለመሆኑ ዳሃቦ ምን ትላለች?» ይላል። ዳሃቦ የምትለው ደግሞ የታወቀ ነው። የጋዝ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጥምም፤ ዓይኔን አስራችሁ ብታቀርቡልኝ በከሰል የተሠራውን ለይቼ አወጣዋለሁ ትላለች። ሰዉ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ይሄዳል። በዚህ ከቀጠለ ሱቁ ብዙ እንደማይቆይ ሂባቅ ገብቷታል። አክስቷን መውቀስም አልቻለችም፤ ሴትየዋ ያመነችበትን ነው የምትናገረው።

ሙግቱ የሚደራው ከአስር ሰላት በኋላ ዳሃቦ ግቢ ውስጥ ነው። ከከሰል ጆንያዎቹ አጠገብ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሻይ በግመል ወተት ይፈላል። ከማይቀሩት አንዱ ጡረታ የወጣው አስተማሪ አዋሌ ነው። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ከሰቀለ ወዲህ ፀሐይን ራሱ የሠራት ይመስል ይኮራባታል። ሌላው የግመል ነጋዴው ኢጌ ነው፤ ቁመቱ በር የማያስገባው፣ ሳቁ ሦስት ግቢ አልፎ የሚሰማ ሰው።

ኢጌ የዛፍ ነገር ሲያነሳ ከልቡ ያዝናል። ግመሎቹ የሚጠለሉበት ግራር ሁሉ ከሰል ሆኖ አለቀ ይላል። ዛፉ ሲሄድ አፈሩ ተከተለው፤ አሁን ዝናብ ቢመጣም ጎርፍ ሆኖ ያልፋል እንጂ ሣር አያበቅልም። ይህን ሁሉ የሚናገረው ግን በዳሃቦ ከሰል የተጠበሰ የፍየል ጎድን እየጋጠ ነው።

«መጀመሪያ አጥንቱን አስቀምጥና ከዚያ አልቅስ» ትለዋለች ዳሃቦ።

አዋሌ በበኩሉ መፍትሔው ከአናታችን በላይ ነው ይላል። ፀሐይ አትጨስ፣ አትቆረጥ፣ በመኪና አትጫን። ዳሃቦ ሻዩን እየቀዳች እስከ መጨረሻው ትሰማዋለች።

«ባለፈው የሞተውን ባትሪህን የት ጣልከው፣ አዋሌ?»

አዋሌ መነጽሩን ይወለውላል።

«ወንዙ ውስጥ ነው። የጎረቤት ፍየሎች ሲልሱት አይቻለሁ። የኔ አመድ ይሻላል፤ ቢያንስ ድስት ይፈገፈግበታል።»

አዋሌም ቢሆን ሐቀኛ ሰው ነው። ሰሌዳው አምፖልና ሬዲዮ እንጂ የሰርግ ድስት እንደማይችል አምኗል። አንድ ቀን ደግሞ የነፋስ ነገር ተነሣ። ቡርኦ ነፋስ አጥታ አታውቅም፤ አቧራ ከሚያበላን መብራት ቢሰጠን ምናለ ተባለ። ኢጌ የነፋስ መዘውር ሲዞር ግመል ይበረግጋል ወይስ አይበረግግም የሚለውን ብቻ ይዞ እስኪመሽ ተከራከረ።

ሂባቅም ተራዋ ሲደርስ ስለ ጋዝ ትናገራለች። ጋዝ ዓይን አያቃጥልም፣ ሳል አያመጣም፣ ዛፍ አያስቆርጥም።

«በመርከብ ነው አይደል የሚመጣው?» አለቻት ዳሃቦ።

«በመርከብ ነው።»

«መርከቧስ በምን ነው የምትሄደው? በዱዓ?»

ኢጌ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ሂባቅም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። አክስቷ ያለችው ስሕተት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ጋዙም ቢሆን ከመሬት ተቆፍሮ፣ ነዶ፣ ሰማይ የሚገባ ነገር ነው።

«ንጹሕ ነው አላልኩም፣ ኤዶ። ከዛፉ ይሻላል ነው ያልኩት።»

ዳሃቦ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ለኢጌ ሻይ ጨመረችለት።

ሂባቅ በዚያች ቅጽበት ትዝ ያላት አንድ ጉዞ ነው። ባለፈው የዝናብ ወቅት ዘመድ ለመጠየቅ ዳሃቦ ወደ ተወለደችበት ገጠር ሄደው ነበር። ዳሃቦ ሾፌሩን አንድ ቦታ ላይ አስቆመችው። ወረደች፤ ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ አለች፤ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። አንዱ ጉቶ አጠገብ ቆማ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች። ዛፉ ምን እንደነበር አልተናገረችም፤ ሂባቅም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ከዚህ በኋላ የኢጌ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ኢጌ ደስታና ነገር መቀላቀል ይወዳል። ዳሃቦ ሁልጊዜ የምትለውን እንድታሳየን በገዛ ልጄ ሰርግ ትፈተን ብሎ አስወራ። አንዱን ድስት ዳሃቦ በከሰል፣ ሌላውን ሂባቅ በጋዝ ትሠራለች። ሥጋው ከአንድ ፍየል፣ ሩዙ ከአንድ ጆንያ፤ ቅመሙን ለሁለቱም ዳሃቦ ትለካለች። ሂባቅ ይህን ስትሰማ ኢጌን ፍለጋ ወጣች። ሰርጉ ላይ የሚመጣው ግማሽ ቡርኦ ነው፤ አክስቷ ለይታ ካወጣችው ከዚያ ወዲያ ሱቁን ዘግቶ መሄድ ነው። ይቅርብን ብላ ኢጌን ለመነችው። ኢጌ ግን ለሰዉ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ዳሃቦን ብትጠይቃት «ፈራሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት።

በሰርጉ ቀን ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ እየዘፈኑና እያጨበጨቡ ነው የዋሉት። ምሳው ሲደርስ አዋሌ እንደ ፈተና ቀን ተኮሳትሮ መሐል ገባ። የዳሃቦን ዓይን በራሷ ሻሽ አሰረ፤ በጎን እንዳታይ ዞሮ ፈተሸ። ሁለት ሰሃን አስቀመጠና የትኛው የከሰሉ፣ የትኛው የጋዙ እንደሆነ ለታዳሚው በጣቱ አሳየ። ዘፈኑ ቆመ።

«ሙዝ የለውም እንዴ? ሶማሌ ያለ ሙዝ ሩዝ ይበላል?» አለች ዳሃቦ ታስራ እንዳለች። ሰዉ ሳቀ። አዋሌ ፈተና ላይ ማውራት ክልክል ነው አላት።

መጀመሪያ የቀረበላት የከሰሉ ነበር። በእጇ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠች። ሂባቅ ከፊቷ ቆማ ፊቷን አላየችም፤ ያየችው እጇን ነው። አውራ ጣቷ ሌባ ጣቷን ፈተግ ፈተግ አደረገ።

አለቀልኝ አለች ሂባቅ በሆዷ።

ዳሃቦ ሁለተኛውን ጎረሰች። ጣቷ አልተነቃነቀም። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሁለተኛውን ሰሃን፣ የጋዙን፣ መታ መታ አደረገች።

«የከሰሉ ይሄ ነው» አለች።

ግቢው ተናጋ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አዋሌ መኮሳተሩ ቀርቶ መነጽሩ እስኪወልቅ ሳቀ። ኢጌ ወገቡን ይዞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቂቅ የሚለው ስምሽ ተሽሯል፣ ሲሊንደር ነው የምንልሽ አላት። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ራሷ ዳሃቦ ናት። ሻሹን ፈትታ እንባዋን ጠረገችበትና «ምላሴ አርጅታለች በሏ» አለች። ሙሽራዪቱ ሳትቀር ከዙፋኗ ተነሥታ መጥታ ሳመቻት።

ሂባቅ ከዚያ በኋላ መቀመጫ አላገኘችም። አንዷ ትልቁ ምድጃ መቼ ይመጣል ትላታለች፤ ሌላዋ ባሌን ላሳምነው ነው፣ ነገ ሱቅ ትኖሪያለሽ ወይ ትላታለች። የዳሃቦ የከሰል ደንበኛ የነበሩ ሁለት ሴቶችም አክስቷ እያየቻቸው መጥተው ጠየቁ። ዳሃቦ በሩቁ «ዋጋ አታስቀንሷት» ብላ ጮኸችባቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አክስትና የወንድም ልጅ ከግቢው ኋላ ድስት ሊያጥቡ ተቀመጡ። ከፊት በኩል ከበሮው ይሰማል። ዳሃቦ አመድ በውኃ ለውሳ እያንጎራጎረች ነበር። ሂባቅ አንዴ በደስታዋ፣ አንዴ በዚያች ጣት ነገር ስትንገላታ ቆይታ መቻል አቃታት።

«ኤዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂ።»

«መጀመሪያውን ስትቀምሺ ጣትሽን አይቼዋለሁ። አውቀሽ ነው?»

ዳሃቦ ማንጎራጎሯን አላቋረጠችም። የጋዙን ድስት ገልብጣ ቂጡን አየችው። እንደ አዲስ ያበራል፤ ጥላሸት የሚባል ነገር አልነካውም።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ይፈገፈጋል» አለችና ለሂባቅ አቀበለቻት። ከዚያ የራሷን፣ የጠቆረውን፣ ጉልበቷ መሐል ሳብ አደረገች።

«ኤዶ?»

«ውኃ ጨምሪልኝ» አለች ዳሃቦ።