እናቴ መንገዱን የተሻገረች ቀን

ዛሬ ጠዋት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አስፋልት ሲያድሱ የትኩስ ሬንጅ ሽታ አወደኝና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። ልጅ ሳለሁም ይህ መስቀለኛ መንገድ አንድ ሰሞን እንዲሁ ይሸት ነበር።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ገና መምጣታችን ነበር። እናቴ ማዶ ያለው ሬስቶራንት ሥራ አግኝታ ነበር፤ ግን መንገዱ ስፋቱ አስፈራት። እጄን ጨብጣ ጠርዙ ላይ ቆማ ቀረች።

እማማ ሩት አዩን። እዚያው ሰፈር ተወልደው ያረጁ አሜሪካዊት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ሲያወሩ እኔ ለእናቴ አስተረጎምኩላት።

«እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ እርሻ ነበር፤ የሚያልፈውም የፈረስ ጋሪ። ከዚያ መኪና መጣ። ሁሉም እንዳሻው ሲነዳ እናቴ ፈርታ ከቤት መውጣት ተወች። በኋላ ክንድ ያለው የትራፊክ ምልክት ተከሉ። ‹ቁም› የሚለው ክንድ ሲዘረጋ ደወል ይጮኻል፣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል! እናቴም ምርጥ ባርኔጣዋን አድርጋ ወጣች።»

እናቴ ሳቀች። «ታዲያ ደወሉ የት ሄደ? በያቸው» አለችኝ።

የትራፊክ መብራቱ ሲቀየር እማማ ሩት ከዘራቸውን ወደ መኪኖቹ ዘርግተው «ደንግ! ደንግ!» እያሉ ቀደሙን። መሀል መንገድ ላይ ስንደርስ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አንድ ሐበሻ ባለታክሲ ጡሩምባውን ነፋላት።

አሁን ፓሳዴና ለምትኖረው እናቴ ደውዬ ይህን ባስታውሳት፣ «እኔ? መንገድ ፈርቼ? አንቺ ነሽ እንጂ የፈራሽው!» ብላኝ አረፈች።