ሻይ ቤት የተባለችው መኪናዬ

መኪናዬ ትፈላለች። መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ሰሊጥ ጭኜ ስመጣ ትፈላለች፣ ባዶዋን ስመለስ ትፈላለች፣ አንድ ጊዜማ ጥላ ሥር ቆማ ፈልታለች ብል የሚያምነኝ ሚስቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስለምታዝንልኝ ነው። እንፋሎቷን እየተፋች ከተማ ስትገባ የባጃጅ ልጆች «ሻይ ቤቷ መጣች! አንድ ቀጭን ሻይ፣ ስኳር ይብዛበት!» እያሉ ይቀበሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን አብሬ እስቅ ነበር። ኋላ ግን አንድ የማላውቀው ገበሬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ «ሻይ ቤቷ የምትባለው ይህች ናት?» ሲለኝ አንጀቴ አረረ።

የሚስቴ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ነበር። አማቴ፣ ማለትም የሚስቴ አባት፣ በወጣትነታቸው አንድ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነድተዋል፤ ስለዚህ ስለ ሞተር ከሳቸው ወዲያ ሊቅ የለም። «ሞተር ማለት በሬ ነው፤ ውሃ አጠጣው፣ ያርስልሃል» ይላሉ። የሚስቴ እናት በበኩላቸው ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሌላውን አማቻቸውን «ልጄ» ይሉታል። እኔን «አንተ ሾፌሩ» ይሉኛል። «አንተ ሾፌሩ፣ ብላ እንጂ።» «አንተ ሾፌሩ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ልጆቹ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው እኮ!

ባለፈው ጥር የሚስቴ ታናሽ እህት ሽንፋ ወደምትባለው ከተማ ተዳረች። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ለቅልቅል ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ቤት መሄድ አለበት፣ የሚጫነውም በኔ መኪና ነው፤ ሌላ መኪና ያለው ዘመድ የለማ። አማቴ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ስማ» አሉኝ። «እዚያ የሚጠብቁን አዲስ ዘመዶች ናቸው። ልጄ ደጅ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ በጭስ ተሸፍኜ አልደርስላትም። እዚያ ሳንደርስ ከፈላች፣ ሁለተኛ ይህችን መኪና ደጄ እንዳታቆማት።»

«እሺ አባባ።»

«አንተ በእግርህ መምጣት ትችላለህ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ በጣም አመመችኝ። ደጃቸው ያለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር መኪናዬን ማቆም ማለት ከሌላው አማች ጋር እኩል መሆን ማለት ነበር። በእግሩማ ጎረቤትም ይመጣል።

ያን ቀን ማልኩ፤ የፈለገው ይምጣ፣ ዋናውን ኩላንት፣ የፋብሪካውን የራዲያተር ፈሳሽ፣ እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ያልጠጣችው ውሃ አልነበረም፤ የወንዝ፣ የኩሬ፣ የዝናብ። አንድ ቀንማ መንገድ ላይ ቸግሮኝ ጋዝ ያለው ውሃ ሞላሁባት፤ ቀኑን ሙሉ ስታገሳ ዋለች።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ኖሮ የተመለሰ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ኩላንት ተደርድሯል።

«ለናፍጣ ሞተር የሚሆነው የትኛው ነው?» አልኩት።

«ያ ዞል» አለኝ በሱዳንኛው፣ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው፤ «የቱን ቀለም ትወዳለህ?»

«ቀሚስ ልገዛ የመጣሁ መሰለህ እንዴ!»

ቀበቶ ሊገዛ የቆመ አንድ ገበሬ «አረንጓዴው ይሻላል፣ ልምላሜ ነው» አለ። ሌላው «ቀዩ ነው እንጂ፣ ቀይ ያስፈራል፣ ሙቀቱ ይሸሻል» አለ። እኔን የረሱኝ ይመስል እርስ በርሳቸው ክርክር ገጠሙ። ከጎን ካለው ጋራዥ መካኒኩ ጭንቅላቱን ከአንድ ሞተር ውስጥ ሳያወጣ ጮኸ፤

«ቀለሙን ተዉት! ቀለም እንደ ፋብሪካው ነው። ጀርባውን አንብብና ለከባድ ናፍጣ የሚለውን ውሰድ። ያለዚያ ሞተሩን ከውስጥ እንደ ነቀዝ ይበሳዋል። ግማሹን የባትሪ ውሃ፣ የተጣራውን፣ አድርግበት። ከድሮው ጋር እንዳትደባልቀው፣ እንደ አጥሚት ይረጋብሃል!»

ለከባድ ናፍጣ የሚለው ሆኖ የተገኘው ቀዩ ነበር። ሻጩ ሲሰጠኝ «ይጣፍጣል አሉ፣ ግን መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም እንዳይቀምሰው። ፀሐይ ላይም አታስቀምጠው» አለኝ። እኔም በሱዳንኛው «ተማም፣ እሺ» አልኩና ሄድኩ።

አማቴ ዕቃውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ብርድ አገር እንዳይቀዘቅዝ፣ እዚህ ደግሞ ቶሎ እንዳይፈላና እንዳይዝግ መሆኑን አስረዳኋቸው። የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«እንዳይቀዘቅዝ? መተማ? እንቁላል ድንጋይ ላይ በሚጠበስበት አገር? ኧረግ በስማም! ለዓሣ ጃንጥላ ገዛህ በለኛ!»

ደጃቸው ላይ የድሮውን ውሃ ከራዲያተሯ ሳፈሰው የዝገት ጭቃ እየተግተለተለ ወጣ፤ በመጨረሻም ጣት የማታክል የዓሣ አጽም ዱብ አለች። እኔ አፈርኩ። አማቴ ግን በድል አድራጊነት ሚስቴን ጠርተው «ይኸው፣ ዓሣ እንኳ ይኖርበት ነበር! ምን ጎደለው?» አሉ። መካኒኩ መጥቶ የሚያፈስበትን ስንጥቅ ደፈነና እስኪደርቅ ድረስ እስከ ነገ ጧት ምንም እንዳይገባበት ብሎን ሄደ። እኔም ኩላንቱን ከባትሪ ውሃው ጋር ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ቀላቅዬ፣ ፀሐይ እንዳይነካው የሚስቴ እናት መጠጥ የሚያቀዘቅዙበት ዳስ ውስጥ አስቀመጥኩት። እዚያው የነበረውን የሳቸውን ቢጫ ጀሪካን ከሸፈነው እርጥብ ጆንያ ላይ ጫፉን ሳብ አድርጌ የኔንም ሸፈንኩ። ቀዝቀዝ ይበል ብዬ ነው። አዋቂነቴ!

በሳቸው ጀሪካን ውስጥ የነበረው ከርከዴ የሚባለው፣ ከቀይ አበባ የሚፈላ መጠጥ ነው። የሚስቴን እናት ከርከዴ ያልቀመሰ ሰው ከርከዴ ጠጣሁ አይበል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ አለው፣ ቀለሙ ደም ይመስላል። ሙሽሪትም «ሌላ ምንም አታምጡልኝ፣ የእማዬን ከርከዴ ብቻ» ብላ ልካለች።

ጧት ተነስቼ ከሁለቱ ቢጫ ጀሪካን በስተቀኝ ያለውን አነሳሁ። የኔ የቀኙ ነው። ሌሊቱን ሴቶቹ ጆንያውን ሊያረጥቡ ጀሪካኖቹን እንዳንቀሳቀሷቸው በምን አውቄ! ስከፍተው ቀይ ነው። ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ ይጣፍጣል ተብያለሁ። ደስ እያለኝ እስከ አፍ ገደፏ ሞላኋት። ሴቶቹ ደግሞ የቀረውን ጀሪካን ከጠላው ጋር ከኋላ የጭነት ሳጥኗ፣ ካሶኒው፣ ላይ ጫኑት።

አማቴ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጡ። የሚስቴ እናት፣ ሚስቴና የቀረው ዘመድ እየዘፈኑ ከኋላ። ባጃጆቹ አጠገብ ሳልፍ ሆን ብዬ ቀስ አልኩ። አንድም እንፋሎት የለ! አንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት እንደ ጨዋ ልጅ ቦታዋን ይዛ ተቀምጣለች። የታጨደውን የማሽላ እርሻ እያለፍን ስንሄድ እኔም ከኋላ ያሉትን ተቀብዬ መዝፈን ጀመርኩ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» አሉ አማቴ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው።

«መድኃኒቱ ነው አባባ።»

«ጥሩ መድኃኒት ነው። እኔም ሳል ይዞኛል፣ ስንመለስ ትንሽ ታስቀርልኛለህ። ቅርንፉድም አለው።»

ሳቅሁ። ቅርንፉድ? ፋብሪካ ኩላንት ውስጥ ቅርንፉድ ምን ይሠራል? ቀረፋውም መጣልኝ። ወይ አምላኬ! የሚስቴ እናት ከርከዴ ያለው እዚህ ሞተር ውስጥ ከሆነ፣ መርዙ የት ነው ያለው?

ዘፈኑ ቆሟል። በጋቢናው የኋላ መስታወት ዞር ብዬ ሳይ ሰው ሁሉ ባዶ ኩባያ ይዞ ይጠብቃል። የሚስቴ እናት ቢጫውን ጀሪካን ከፍተዋል።

የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ፤ መጠጥ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ ንጹሕ ነው፣ እመኑኝ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ይህን ወግ ለውሃ እንኳ አይዘሉትም። ፍሬን ስይዝ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ወርጄ ጎማው ላይ ወጣሁ፣ ከጎማው ካሶኒው ላይ ዘለልኩ። ሚዛናቸውን ጠብቀው፣ መዳፋቸው ላይ ያለውን ሳያፈሱ፣ ወደ አፋቸው እያነሱ ነበር።

እጃቸውን በጥፊ መታሁት።

ቀዩ ነጭ ቀሚሳቸው ላይ ተረጨ። ከዚያ ሚስቴ «እናቴን መታት!» ብላ ጮኸች።

«መርዝ ነው!» አልኩ። ይባስ ብሎ!

«ምን? የእናቴ ከርከዴ?»

«ጧት ጧት አረቄ ይቀምሳል መሰለኝ» አለች አንዲት አክስት። ሌላዋ «ኧረ ያዙት፣ አብዷል!» አለች። ኩባያውን ሁሉ ከየእጃቸው እየነጠቅሁ ነው። መናገር አልፈለግሁም፤ ከተናገርኩ ሻይ ቤትነቴ በማኅተም ይጸድቃል። ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ባለ በሌለ ድምፄ፣

«ከርከዴው ራዲያተር ውስጥ ነው ያለው!» አልኩ።

ማንም አላመነኝም። የመሰከረችልኝ መኪናዬ ናት። ከፊት ሹልልል የሚል ድምፅ ተሰማና በኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ተከትሎትም ሮዝ አረፋ ይንፎለፎል ጀመር። ጉድ ፈላ! ሜዳው በሙሉ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ። አማቴ ወርደው እንፋሎቱ መሐል ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ።

«የሷ ነው» አሉ። «ቅርንፉዱ በዝቷል።»

«አልበዛም!» አሉ የሚስቴ እናት ከላይ። እጃቸውን ከተመቱ በኋላ ያወጡት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

እኔ ከቁርቁራው ጥላ ተባርሬ፣ መኪናዬን ሌላ ሰው ደጅ ሳቆማት ታየኝ። ተባብረን የሚስቴን እናት እጅ አስታጠብን፤ ሞተሩ እስኪበርድም ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከሥሯ ያለችውን ማፍሰሻ ስከፍት ትኩስ ከርከዴ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፤ አማቴ ጣታቸውን ሊያስነኩ ሲሉ ይዤ መለስኳቸው። ለመንገድ በያዝነው ውሃ ደጋግመን አጠብናት። ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ውሃ ብቻ ባዩ አማቴ ቢጫውን ጀሪካን ራሳቸው አነሱና በጥንቃቄ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዱት። ሲጨርሱ ግን «ይህኛው ምንም አይሸትም» ብለው አጉረመረሙ።

ሽንፋ እስክንደርስ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። ሙሽሪት ደጅ ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ስማ፣ እናቷን ስማ፣ ቀሚሳቸውን አየችና «ከርከዴው የታል?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሻይ ቤቷ ጠጣችው» አሉ አማቴ።

እስከ ምሳ ድረስ የሚስቴ እናት ፊታቸውን አዞሩብኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጠላ ሲቀርብ የሙሽሪት እናት ናቸውና ለአዲሶቹ ዘመዶች ይቅዱ ተባለ። ተነሱ፣ ጋኑን አዘነበሉ፣ እንደ ወጉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ወደ አፋቸው ሊያነሱ ሲሉ ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው እያያቸው አዳራሹን አቋርጠው እኔ ዘንድ መጡና የረጠበ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። የመታሁት እጅ ነው።

«ልጄ» አሉኝ። «ልቅመሰው?»