ጨው የጠጣ መሬት

ሰነፍ ተማሪ ንቄ አላውቅም። ሰነፍ ተማሪ የማያውቀውን ጥያቄ ባዶ ትቶ ይወጣል፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ አይዋሽም። የምንቀው መልሱን ከጥያቄው በፊት ጽፎ የሚመጣውን ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቅርብ ያየሁት በአንድ ሚያዝያ፣ ሐይቁ ዳር ባለ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ግቢ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ በባሕር ዳር አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ፔዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ የመሣሪያዎቼን ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ማታ ማታ አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ወደ ቦርሳዬ ስለምመልሳቸው ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን የመጭመቂያው ባለቤት ኮሌጁ ድረስ መጡ። በከተማው በንግድ የቆየ የሙስሊም ቤተሰብ አባት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ለፋብሪካው አዲስ ግራውንድ አስቀብረዋል፤ ፈቃድ ለማሳደስ ደግሞ መለኪያ ያለው ባለሙያ ለክቶ የፈረመበት ወረቀት አምጡ ተብለዋል። የኮሌጁ መለኪያ በእኔ እጅ ነበር። ሥራው እንዳለቀ፣ መለካቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅ ነገሩኝ።

ግራውንድ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ሞተር ሲያረጅ በውስጡ ያለው ሽቦ ልባሱ ይላጥና ኮረንቲው ወደ ማሽኑ ብረት ይወጣል። ብረቱ ላይ ወጥቶ መሄጃ ካጣ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሰውን ነው። ሰው እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ብረቱን ሲነካ መንገዱ ይከፈትለታል። ስለዚህ ከሰው የተሻለ መንገድ አስቀድመን እንሠራለን፤ ከማሽኑ አካል ወፍራም ሽቦ አውጥተን መሬት ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር እናስራለን። ኮረንቲው በዚያ በኩል ሲሮጥ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰው ይተርፋል። መንገዱ ሰፊ መሆኑ የሚታወቀው በመለካት ነው፤ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ባነሰ መጠን መንገዱ ይሰፋል። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አይሞላም።

ግቢው እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ግን ዘንጉን ሳይሆን አንድ ሳንቃ ነው። የዘይት ማጣሪያው ማሽን አጠገብ፣ ሁልጊዜ ውሃ በሚፈስበት ወለል ላይ ተጋድሟል፤ በላዩ አንዲት ሴት ቆማ የማጣሪያውን ጨርቆች ታጥባለች። ከአንበሳሜ የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ከተማው ውስጥ የምታስተምር ሴት ናት። ሳንቃው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ማሽኑ እንደሚነዝራት ነገረችኝ። በፊት እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ ነበር የሚያደርጋት፤ ባለፈው ሳምንት ግን እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች አንሥቶ ጥሏታል። የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ብረት ከመያዙ በፊት በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ እንደ ሰላምታ ለምደውታል። የተጨመቀውን የኑግ ቂጣ፣ ፋጉሎውን፣ የሚያወጣው ሰውዬ ሳይቀር አካፋውን ነካ አድርጎ ሲያነሣ አየሁት። የእንጨት እጀታ ያለውን አካፋ።

ግራውንዱን የቀበረው ሰው መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ስልክ ይዞ መጣ። ኢንጂነር ይሉታል። የት እንደተማረ ብጠይቀው ሥራ ላይ ነው አለኝ፤ በዚህ አልናቅሁትም፣ እኔን ያስተማሩኝ ጎበዞችም ሥራ ላይ የተማሩ ናቸው። የናቅሁት ቀጥሎ ባለው ነው። ስለ ሴትዮዋ ሳነሣበት ወደ ሐጂ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሐኪም ተናገረ።

«እሱ ደሟ ነው። አንዳንድ ሰው ደሙ ኮረንቲ ይስባል።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ደሙ የማይስብ ሌላ ሰው በቦታዋ ሊተኩ አስበው ነበር። ሴትዮዋ ጨርቁን እየጨመቀች ሁሉንም ሰማች። ሰውዬው ራቅ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ደሜን በየት በኩል አየው?» አለችኝ።

ኢንጂነሩ የዘረጋልኝ ወረቀት ተሞልቶ ያለቀ ነበር። ውጤት በሚለው ቦታ አራት ኦም ተብሎ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ማን ለካው አልሁት።

«ይታወቃል እኮ ወንድሜ። ሐይቅ ዳር ነን፤ መሬቱ ራሱ ውሃ ነው።»

እዚህ አገር ስለ መሬት ከሚነገረው ሁሉ ይህን ያህል የሚያናድደኝ የለም። ሐይቁን አይቶ መሬቱን አየሁ ማለት። ባሕር ዳር ጉድጓድ ያስቆፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። ድንጋይ ሐይቅ አጠገብ ስለተኛ አፈር አይሆንም። ሐይቁም ቢሆን በሚያዝያ ይሸሻል፤ በክረምት እርጥብ የነበረው ዳርቻ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርሁት። ስልኩን እያየ ሰማኝ።

መለካት ጀመርን። ለመለካት ዘንጉን ከፋብሪካው ሽቦ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሰውዬው ማሽኖቹ እየሠሩ የብሎን መፍቻውን አንሥቶ ብሎኑን መፍታት ያዘ፤ ማቆም ሥራ ያስፈታል ብሎ ነው። እጁን ያዝሁት። ያን ሽቦ የፈታህ ጊዜ ግቢው ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ያለ መንገድ ይቀራል፤ አንድ ሞተር ቢያፈስ የሚያገኘው ሰውን ብቻ ነው። ይህ በመጀመሪያው ወር የማስተምረው ትምህርት ነው። ሐጂ እያጉረመረሙም ቢሆን ፋብሪካው እንዲቆም ፈቀዱ። ዋናውን ብሬከር አውርጄ ቆለፍሁት፣ መክፈቻውን ኪሴ ከተትሁት። ሁለቱን መለኪያ ካስማዎች ከዘንጉ በቀጥታ መስመር እያራራቅሁ ተከልሁ። ኢንጂነሩ ሽቦ እንዳናባክን እዚሁ ዘንጉ ሥር እንትከላቸው ብሎ ነበር። ሥሩ ብትተክላቸው መለኪያው የሚነግርህ ስለ መሬቱ ሳይሆን ስለ ስንፍናህ ነው።

ቁጥሩ ከአራት በታች ወጣ።

«አላልኩህም?» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር። ፊርማዬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጎንበስ እንዳልሁ ግን ዓይኔ ወደ መሬቱ ሄደ። ግቢው በሙሉ በድርቅ ተሰነጣጥቋል፤ የዘንጉ ጉድጓድ ዙሪያ ብቻ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ ርሷል። በሲሚንቶው ከንፈር ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በጣቴ አንሥቼ ቀመስሁት። ጨው።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ጧት በጀሪካን ሲያጠጣው ነበር» አለች። «ችግኝ የተከለ መስሎኝ ነበር።»

ጨው ያለበት ውሃ መሬቱን ለጥቂት ቀናት መንገድ ያስመስለዋል። ከዚያ ውሃው ይደርቃል፣ ጨውም መዳቡን ይበላል። ወረቀቱ ግን ማኅደር ውስጥ አይደርቅም። ሰውዬው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ቀኑን የመረጠው እሱ ነው። ባያውቅ ኖሮ አዝንለት ነበር።

አልፈርምም ብዬ ከሳምንት በኋላ ደግሜ እንደምለካ ለሐጂ ነገርኋቸው። ኢንጂነሩ የተጠራሁት ለወረቀት እንጂ ለምርምር እንዳልሆነ አስታወሰኝ። ሐጂ ሳምንት ሙሉ ፋብሪካ አልዘጋም አሉ፤ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ጨርቅ የሚታጠበው የማጣሪያው ብሬከር ወርዶ ከተቆለፈ በኋላ ብቻ ነው፤ መክፈቻውም አጥቢዋ ወገብ ላይ ይታሰራል።

በሳምንቱ፣ ቀኑን ለማንም ሳልናገር ሄድሁ። መሬቱ ደርቆ ነበር። ዋናውን ብሬከር አስወርጄ ቆለፍሁ፣ ለካሁ። ከስልሳ በላይ። ማሠሪያውን ፈትቼ ዘንጉን በሁለት እጄ ወዝወዝ ባደርገው፣ ተነቅሎ ወጣ። እንደ ካሮት። ርዝመቱ ከክንዴ ጥቂት ያልፋል። ዘንጉ ሲገዛ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ሰውዬው በመዶሻ ሲመታው ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ደርሶ እምቢ ብሎታል፣ እሱም ከላይ የቀረውን በግራይንደር ቆርጦ ክዳን ገጥሞበታል። ከላይ ለሚያይ ሰው የቁመት ሙሉ ዘንግ የተቀበረ ይመስላል። የተቆረጠውን ብፈልገው የመጋዘኑ በር መወርወሪያ ሆኖ አገኘሁት፤ ዘበኛው እንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ወደ ማጣሪያው ሄጄ አረንጓዴና ቢጫውን የግራውንድ ሽቦ ፈታሁ። ከሥሩ የማሽኑ ቀለም እንዳለ ነው። ብረቱን ፍቆ ሳያነጣ፣ ሽቦውን በቀለም ላይ አጥብቆ አስሮታል። ያማረ ብሎን፣ ያማረ ሽቦ፣ በመካከሉ የቀለም ግድግዳ። እንግዲህ ለይምሰል የሠራውን እንኳ በትክክል አልሠራውም።

ሐጂ ኢንጂነሩን አስጠሩት። ሁለቱን ቁራጭ ዘንጎች በእጃቸው እንደያዙ አላስቀመጡም። እሱ ግን አላፈረም። ድንጋዩን እሱ እንዳልፈጠረው፣ የከተማው ግማሽ እንዲህ እንደሆነ፣ ሐይቁም እዚያው እንዳለ ተናገረ። ዞሮ ዞሮ ደም ላይ ደረሰ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የምትነዘረው አንዲት ሴት ብቻ ናት አለ። እኔ በአእምሮዬ ስምንት ነጥብ አዘጋጅቼ፣ ከአንደኛው ልጀምር ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝ። ሳንቃውን ከወለሉ አንሥታ ግድግዳ አስደገፈችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ኢንጂነር፣ ያንተ ደም የማይስብ ከሆነ ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም። ብረቱን ያዝልን።»

ሳቀ። ሐጂን አየ፤ ሐጂ አልሳቁም። ጫማውን አየ። አንዱን ስልክ አውጥቶ ሰው እየደወለለት እንደሆነ ነገረን፤ ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር። እርጥቡ ወለል ጫፍ ድረስ መጥቶ ቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ።

እስከ ዛሬ ሰውዬውን ስንቀው የምኖረው ለዚህ ነው። ማሽኑ ያን ሰዓት ኮረንቲ አልነበረውም። ዋናው ብሬከር ወርዶ ተቆልፏል፣ መክፈቻው እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጓጉንቸሩም በቀይ ጥብጣብ ከፊቱ ተንጠልጥሏል። የፈለገ ቢያቅፈው ምንም አይሆንም ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ከመፍራቱም ከመድፈሩም በፊት ቀና ብሎ የብሬከሩን ቦርድ ያያል። እሱ ግን ጫማውን ነው ያየው።

«ማጣሪያው እስኪስተካከል እንዳይሠራ» አሉ ሐጂ። «መምህር፣ እንደ ሥርዓቱ አርገህ ሥራው።»

እንደ ሥርዓቱ ስድስት ቀን ፈጀ። መሬት ወደ ታች እምቢ ካለ ወደ ጎን መሄድ ነው። ከመቆፈራችን በፊት የውሃ ቧንቧና የተቀበረ ኬብል የት የት እንደሚያልፍ ዘበኛውን እያስመራን በኖራ አሰመርን። ከዚያ ከግድግዳው ወደ ሐይቁ በኩል ረጅም ቦይ አስቆፈርሁ፤ መዳቡን በቦይው ሙሉ አጋድመን፣ ድንጋዩ ፋታ በሰጠበት ሁሉ ዘንግ እየተከልን አያያዝነው። በላዩ ጠጠሩ የተለቀመ፣ እርጥበት የሚይዝ የሸክላ አፈር መልሰን ጠቀጠቅን። አንዲት ቁንጥር ጨው አልገባችም። የየማሽኑን ብረት እስኪያበራ ፍቀን ሽቦውን አሰርን። የማጣሪያው ሞተር ተፈትቶ ሽቦው እንደ አዲስ ተጠመጠመ፤ ኮረንቲ ሲያፈስ ወዲያው የሚወርድ ብሬከርም ተገጠመለት። የመጨረሻውን ልኬት ያደረግሁት ጠብታ ውሃ ሳይነካው ሁለት ሳምንት ካቆየሁት በኋላ ነው። ከአምስት በታች ወጣ። ቁጥሩን የጻፍሁት ካየሁት በኋላ ነው፤ በዚህ መኩራት ነበረብኝ? በዚያ ግቢ ውስጥ አዎ።

ስለ ደም ዳግመኛ ያነሣ አልነበረም። የሚተካም ሰው አልመጣም።

ማጣሪያው እንደገና መሥራት በጀመረበት ቀን ሴትዮዋ ሳንቃዋን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ሳንቃው ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ነገርኋት። በብረቱና በእርጥቡ ወለል መካከል ለክቼ ቁጥሩን አሳየኋት፤ ኮረንቲው አሁን በየት በኩል እንደሚሄድ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ገባኝ» አለች። «አሁን ጫማህን አውልቅ።»

ለተማሪዎቼ ከቶ የማላስተምረው ነገር ነው፤ የሚለካው መለኪያ እንጂ ሰው አይደለም። ሆኖም ለክቻለሁ፣ ደግሞም ለክቻለሁ። ጫማዬንና ካልሲዬን አውልቄ፣ ዘይት ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆምሁ። ማሽኑ ይሠራል። ፋጉሎ የሚያወጣው ሰውዬ አካፋውን ተደግፎ ያያል። እጄን ዘረጋሁ፤ እጄም ሳላዘው ተገልብጦ፣ በጀርባው በኩል ወደ ብረቱ ሄደ።

«በመዳፍህ» አለች።

ያን ጊዜ ለዚያ ባለመነጽር የያዝሁት ንቀት ለአፍታ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እጄን ገለበጥሁና ብረቱን ጭብጥ አድርጌ ያዝሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ከሞተሩ መንቀጥቀጥ በቀር ምንም የለውም። በቃህ እስክትለኝ ያዝሁት። እሷ ግን ቶሎ አላለችም።

ከዚያ ተጠግታ በሙሉ መዳፏ ያዘችው። ቆየች። ጨርቆቿን አንሥታ ማጠብ ጀመረች። ሳንቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ፤ እሷም አልጣለችውም፣ እኔም ጣይው አላልኋትም።