ግድግዳ ላይ የተለካው አልጋ

ወንድሜ በደርግ ጊዜ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። መርከብ ስል የጭነት እንዳይመስላችሁ። ቡናም ጨውም አይጭንም። የሚጭነው ሰው ብቻ ነው፤ ሰዎቹም የሚሳፈሩት የትም ለመድረስ ሳይሆን ለመደሰት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እሪ በከንቱ ሰፈር ላለው ግቢያችን ለማስረዳት ስንት ቀን እንደፈጀብን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀድሞ ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበር። እጁ ቀልጣፋ ነው፤ አንሶላ ሲያነጥፍ አንዲት ሽብሽብ አይተውም። እዚያ ያረፈ አንድ ግሪክ የመርከብ ሰው ወደደውና ወረቀቱን አስጨርሶ ወሰደው። መውጫ ቪዛ እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን እንዴት እንደተሳካለት ዛሬም አይገባኝም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለአንድ ወር ዕረፍት መጣ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሽቶው ከበሩ በፊት ይገባል።

እናታችን አቅፋው አልቅሳ ስትጨርስ የመጀመሪያ ቃሏ፣ "ከእንግዲህ አትሄድም" የሚል ነበር።

"እማዬ፣ ወሩ ሲያልቅ ካልተመለስኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።"

"ይስጡታ! ውሃ ላይ ተኝቶ የሚያድር ሰው የታለ?"

ይስጡታ ማለት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። እዚህ ከቀረ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ከሰፈራችን ወደ ሰሜን ሄደው ያልተመለሱትን ልጆች እናታችን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የእናቶቻቸውን ለቅሶም ደርሳለች። እዚህ ጦር፣ እዚያ ባሕር። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በቅጡ ሳትቀምስ ቆይታ በአራተኛው ቀን ቁርጡን ነገረችው።

"የምትተኛበትን በዓይኔ ሳላይ አልመርቅህም።"

ወንድሜ ደግሞ ሳይመረቅ ከደጃፍ የሚወጣ ሰው አይደለም። ቀበሌን ያሳምናል፣ ኢሚግሬሽንን ያሳምናል፣ እናቱ ፊቷን አዙራበት ግን አውሮፕላን አይሳፈርም። እኔ ብሆን እሄድ ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ነው።

ደግነቱ፣ ፎቶዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ተራ ፎቶ ሳይሆን ስላይድ፤ በካርቶን የታቀፈች፣ ከቴምብር ብዙም የማትበልጥ ባለቀለም ፊልም። ማሽኑ ውስጥ ስትገባ መብራቱ አጉልቶ ግድግዳ ላይ ይጥላታል። እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበር የምሠራው፤ የሙሽሮችን ብጉር ከፊልሙ ላይ በእርሳስ ሳጠፋ የምውል ሰው ነኝ። አለቃዬን ለምኜ የስላይድ ማሽኑን ለእሑድ ከሰዓት አዋሰኝ። "አምፖሉ ከተቃጠለ አንቺን ነው ግድግዳ ላይ የማበራሽ" ብሎኝ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ስላይዶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሣሁ በተራ አስተካከልኳቸው። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ከመሃል ግን አንዷ የተለየች ነበረች። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል፤ ግራና ቀኝ የብረት አልጋ በብረት አልጋ ላይ ተደራርቦ፤ አራት መኝታ። በታችኛው ላይ የወንድሜ ሹራብ ተጥሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የኛ ክፍል ነው። የሠራተኞቹ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከውሃው በታች ነው ያለው። ማዕበሉ ግድግዳውን ሲመታው ይሰማል። አውጪው።"

"እሷ እኮ ማየት የፈለገችው ይህንን ነው!"

"ይህንን ካየች ቀረሁ ማለት ነው። ከቀረሁ ደግሞ የት እንደምሄድ ታውቂያለሽ። አውጪው አልኩሽ!"

አወጣሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ከቀበሌ መታወቂያዬ ጋር ሸጎጥኩት።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ግቢው በሙሉ ቤታችን ገባ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈንን፣ ግድግዳው ላይ የእናቴን ነጭ አንሶላ ወጠርን። ጎረቤታችን እትዬ፣ ግቢውን በምላሳቸው የሚያስተዳድሩት ሴትዮ፣ ከፊት ወንበር ያዙ። የቀበሌው ጥበቃም ማንም ሳይጠራው መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

መጀመሪያ መርከቡ ራሱ ወጣ። በስመ አብ! ነጭ ነው፤ ከነመስኮቱ፣ ከነሰገነቱ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ። "ይሄ ማዘጋጃ ቤቱን ከነሰዓቱ ይውጠዋል" አሉ እትዬ። ማንም አልሳቀም፤ እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ መጣ፤ ቀይ ምንጣፍ፣ ግራና ቀኝ በር፣ በር፣ በር፣ ጫፉ አይታይም። ከዚያ ቲያትር ቤቱ፤ መርከብ ውስጥ፣ መጋረጃው ቀይ ከፋይ፣ ወንበሩ ደረጃ በደረጃ። አንድ አስማተኛ ከሳጥን ውስጥ ሴት ሲያወጣ። ባለ ነጭ ኮት የሙዚቃ ጓድ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ የለበሱ አሮጊቶች ሲደንሱ። እኔ ቅዳሜ በመስኮቱ አይቻቸው ነበር፤ እንደዚያ ገዝፈው በቤታችን ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሱ የመሰሉኝ ግን ያኔ ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ግን ሰማያዊ ብርሃኑ የሁሉንም ፊት አጥቦት ነበር።

ቀጥሎ መዋኛ ገንዳው ወጣ፤ በመርከቡ አናት ላይ።

"ቆይ ቆይ" አሉ እትዬ። "ዙሪያው ባሕር አይደለም እንዴ?"

"ባሕር ነው" አለ ወንድሜ።

"ባሕር ላይ ሆነው ሌላ ውሃ ቀድተው ይዋኛሉ?"

"አዎ እትዬ። ሞቅ ያለ ነው።"

"ወዴት ነው የሚሄዱት ግን?"

"የትም። ዞረው ዞረው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ።"

ከሰፈር ሰፈር ለማደር ወረቀት በምንጠየቅበት ጊዜ፣ ያለ ጉዳይ ዓለምን ዞሮ ወደ ቤት መመለስ! ጥበቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ቡርዧ ናቸው" አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ "እስቲ ገንዳውን መልሺው" አለኝ። መለስኩለት።

እናቴ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ያንተስ መኝታ?" አለች።

ወንድሜ አየኝ። እኔም የሚቀጥለውን ስላይድ ጣልኩ።

አልጋ ነው፤ ሰፊ፣ በረዶ የመሰለ። ትራሱ አራት። ፎጣው ተጣጥፎ ተጣጥፎ እርግብ ሆኗል፤ አንገት አለው፣ ክንፍ አለው። ከአልጋው ራስጌ ክብ መስኮት፣ በመስኮቱ ባሕር። ስልክ፣ መስተዋት፣ በተከፈተ በር በኩል የገላ መታጠቢያ።

"እርግቧን የሠራኋት እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። ይህ እንኳ እውነት ነበር። "እዚህ ነው እማዬ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ግን ተነሣች። ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ ጥላዋ አልጋው ላይ እየወደቀ፣ ክንዷን ዘርግታ አልጋውን መለካት ጀመረች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ... አንሶላው ላይ ያለውን ብርሃን! "ሰባት ክንድ ከስንዝር" አለች ዞር ብላ።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ማሽኑ አጉልቶት..." ብዬ ስጀምር ወንድሜ ረገጠኝ።

"ዝም በዪ አንቺ። ልጄን እንደዚህ ባለ አልጋ ላይ አስተኝተው ዳንቴል የላቸውም። ራቁቱን ነው እኮ አልጋው! ሰው ምን ይላል?"

እኛ ቤት ራዲዮው ዳንቴል ለብሷል፣ ወንበሩ ለብሷል፣ የውሃ ማሰሮው እንኳ ለብሷል። ስለዚህ ለመርከቡ አልጋ ዳንቴል ይሠራ ተባለ። ክር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። እትዬ የራዲዮአቸውን ልብስ ተርትረው ክሩን አመጡ፤ ሌላዋ የሶፋዋን። የግቢው ሴቶች በሙሉ ኪሮሻቸውን ይዘው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘኑን ሠሩ፣ እናቴ ገጣጠመችው። እኔም ሠርቻለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ስላይድ እያቃጠለችኝ። ዳንቴሉ ሲያልቅ ቤት ውስጥ የሚዘረጋበት ቦታ ታጥቶ ግቢው ውስጥ አራት ሆነን ያዝነው። ከግቢው በር እስከ ኩሽናው ደረሰ።

የወንድሜን ሻንጣ ግማሹን ያዘበት። እናቴ ራሱ ላይ እጇን ጭና፣ "ሰፊ ቦታ ተኛ፣ ሰፊ ቦታ ተነሣ" ብላ መረቀችው። እሱ አቀርቅሮ "አሜን" ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምራለች፤ የልጇን ደብዳቤ ለማንም አትሰጥም። ጣቷን ፊደሉ ላይ እየጎተተች፣ ጮክ ብላ አነበበችው። "እማዬ... ዋሽቼሻለሁ። ያሳየሁሽ... የማነጥፈው አልጋ ነው እንጂ... የምተኛበት አይደለም።"

ማንበቡን ተወችው። ከፖስታው ፎቶ ወደቀ። እኔ የማውቀው ያ ጠባብ ክፍል ነው፣ ያ የብረት አልጋ። ነገር ግን ከጣራ እስከ ወለል፣ ግራውንም ቀኙንም፣ የግቢያችን ዳንቴል መጋረጃ ሆኖ ተንጠልጥሏል። የእትዬ ራዲዮ ልብስ እዚያ አለ። በየአልጋው አጠገብ ገለጥ ተደርጎ አራት ራሶች ወጥተዋል፤ አንዱ ወንድሜ ነው፣ ሦስቱ መልካቸው ሌላ ነው፣ አራቱም ይስቃሉ።

"ሳጥን ውስጥ!" ብላ ደረቷን መታች። "ልጄን ሳጥን ውስጥ!" እንባዋ ፎቶው ላይ እንዳይወርድ ራቅ አድርጋ ያዘችው። እኔ ቦርሳዬን ከፈትኩና ስላይዷን እጇ ላይ አኖርኩ። "እኔም አውቅ ነበር እማዬ። ደብቄሽ ነው።"

ወደ መስኮቱ አንሥታ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ባዶውን ብረት፣ የተጣለውን ሹራብ። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመለሰች፤ በጣቷ ራሶቹን ቆጠረች።

"እነዚህ ሦስቱ እናት የላቸውም እንዴ?"

"አላቸው እማዬ። ሩቅ አገር ናቸው።"

"እንኳን አስፍቼ ለካሁት" አለች። ስላይዷን መለሰችልኝ። "ይቺን ጣያት። ዳንቴሉ ሳይደርስ የተነሣች ናት።"

ነጠላዋን አገልድማ ተነሣች፤ ወደ እትዬ ቤት ልትሄድ ነበር። ከበሩ ዞር ብላ፣ "ክር ቀበሌ ሱቅ ገብቶ እንደሆነ እዪልኝ" አለች። "የትራስ ልብስ ቀርቷቸዋል። አራት ነው።"