ከቶቡ ጀርባ የነበረችው ቴክኒሻን

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የስልክ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ አለኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ የመተማ ገበያ ነው። ስልክ ሲከፈት ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ባለቤቱን ነው። ሰው ስልኩ ሲሞትበት ምን እንደሚመስል፣ ስንት ቀን እንደሚታገሥ፣ ማንን እንደሚያምን አውቃለሁ ብዬ ነበር የኖርሁት።

ጥገናውን የሚሠራልኝ አንድ ቴክኒሻን ነበር። ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ስክሪንና ባትሪ መቀየር ይችላል፤ ከዚያ ያለፈውን «ይህስ አልቆለታል» ብሎ ይመልሳል። አልቆለታል የሚባለው ስልክ ሲበዛብኝ ሁለተኛ ሰው ቀጠርሁ። ጎንደር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመለሰች፣ የሰፋሪ ገበሬ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አልቆላቸዋል የተባሉትን ከካርቶን አውጥታ ግማሾቹን አስነሣቻቸው። ተደነቅሁ ማለት አልችልም። ጥሩ ዕቃ በደህና ዋጋ እንደገዛሁ ነው የቆጠርሁት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ መጡ፤ ሰሊጥ አራሽ ናቸው። ስልካቸው ውሃ ገብቶበታል። ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ስልኩን ወደ ደረታቸው መለሱና ወደ እኔ ዞረው «ወንድ የለም?» አሉ። ያሉት ይህችን ብቻ ነው።

ያኑ ዕለት ከሰዓት መጋረጃ ሰቀልሁ። ሳይሸጥ የቀረ የሱዳን ቶብ ነበረኝ፤ ሴቶቻቸው ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ጨርቅ ነው። ሱቁን ለሁለት ከፈልሁበት። ወንዱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። እሱ ስልኩን ከደንበኛው ተቀብሎ በቶቡ ስንጥቅ እጁን ያሾልካል፤ እሷ ትቀበለዋለች። ሥራው ሲያልቅ የእሷ እጅ ይወጣል፤ እሱ ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ እፍ ይልበትና ለባለቤቱ ይሰጣል። ገበያው «ዶክተር» የሚል ስም አወጣለት። እሱም ስሙን ለመደው።

ቬንትሌተሩ አንድ ነው፤ ያለውም ከፊት ነው። የመጋቢትን ሙቀት ለአገሩ ሰው አልነግርም። ከቶቡ ጀርባ የመበየጃው ብረት ሲጨመርበት ዳቦ ሊጋገር ይችላል። አንድ ቀን ሱቅ ስንዘጋ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ ይህን ጨርቅ ያውርዱልኝ። የሠራሁትን ለባለቤቱ በእጄ ልስጠው» አለችኝ።

ሙቀቱን አላነሣችም። እኔ ግን ስለ ሙቀቱ መለስሁላት፤ ከሰሊጥ በኋላ ሁለተኛ ቬንትሌተር እገዛለሁ አልኋት። ስለ ጨርቁ ደግማ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ እምቢ ያለው ደንበኛው ነው አልሁ። ነጋዴ ሁሉ የሚለውም ይህንኑ ነው። ሴት ለምን አልቀጠርህም፣ ቀጥረህስ ለምን ከፊት አላስቀመጥሃት ሲሉት ጣቱን ወደ ደንበኛው ይቀስራል። ደንበኛው ደግሞ እዚያ አይገኝም፤ እርሻው ላይ ነው።

ሰሊጡ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተጫነ። ጨርቁም አልወረደ፣ ቬንትሌተሩም አልመጣ።

በዓመቱ አንድ ስልክ አከፋፋይ ድርጅት ሱቄን የአካባቢው ዋና መጠገኛ ሊያደርገው አሰበ። ወኪሉ መጣ። ከሱቁ አንድ ሰው ለሥልጠና አዲስ አበባ ይሄዳል። ቅጹን አወጣና «ሴት ቴክኒሻን አላችሁ? ካለች ቅድሚያው ለእሷ ነው» አለ።

እሷ ከቶቡ ማዶ ነበረች፤ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ። ስትፍቀው የነበረውን ነገር መፋቅ አቆመች። እኔ ሁለት ነገር አሰብሁ። የሥልጠናውን ምስክር ወረቀት ይዛ ስትመለስ ትሄድብኛለች። ደግሞስ ጨርቁን አሁን ብገልጠው ለዶክተሩ ደንበኞች ምን እላለሁ?

«ሴትስ፣ ካርድ የምትሸጥ አለች» አልሁ።

ዶክተሩ ጫማውን ያያል። ወኪሉ በቅጹ ላይ ሰረዝ አደረገ። ያኔ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ቬንትሌተሩ ሲዞር ይሰማኝ ነበር።

አልተጣላችኝም። የያዘቻቸውን ስልኮች ጨረሰች፤ የእኔን ወረንጦ መለሰች፣ የራሷን በቦርሳዋ ከተተች። ከዚያ ቶቡን ገልጣ፣ በፊት በር፣ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ወር ሳይሞላ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባጃጅ ተራው አጠገብ፣ ኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋች። መጀመሪያ የመጡት ሴቶች ናቸው። ፎቶ ያለበትን ስልክ ለማያውቁት ወንድ ትቶ መሄድ የማይወዱ፣ ተበላሽቶባቸው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡ ሴቶች። ደንበኛ አውቃለሁ የምል ሰው እነዚህን አላውቃቸውም ነበር። ቀጥሎ ለአጨዳ የወረዱ የወሎና የጎጃም ሠራተኞች ተሰለፉ። የሚሠራውን ማንነት የጠየቀ አላየሁም።

ዶክተሩ ሠልጥኖ መጣ። ወረቀቱን በመስታወት አሠርቼ ሰቀልሁለት። እኒያ ሽማግሌ እንደገና ውሃ የገባበት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ከፈተው፣ አየው፣ ከዚያ ሳያስበው በቶቡ ስንጥቅ እጁን አሾለከ። እጁ እዚያው ቆየ። የሚቀበለው የለም። ሁለታችንም አየነው፤ አልሳቅንም።

ሽማግሌውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ስልኩን በኪሴ ይዤ ተሻገርሁ። የእኔ ነው አልኋት። ገልብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«የእርስዎ አይደለም ጋሼ። ባለቤቱ ይምጣ፤ ማን እንደሠራው አይቶ ይውሰድ።»

ተመልሼ ሽማግሌውን አስነሣኋቸው። መንገዱን ስንሻገር ነገሩን እንዴት እንደምጀምረው አጣሁ። በመጨረሻ፣ አባቴ፣ ያኔም የምትሠራልዎት እሷ ነበረች አልኋቸው።

«መች ጠፋኝ?» አሉ ሳይቆሙ። «ከጨርቁ የሚወጣው እጅ እንሶስላ የሞቀ ነበር። ዶክተርህ እንሶስላ ይሞቃል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሱቁ ያንተ። አንተ እንድትታይ የማትፈልግ መስሎኝ።»

«ወንድ የለም ወይ ብለውኝ ነበራ።»

«አንድ ቀን ብያለሁ» አሉ። «በማግሥቱ ጠየቅኸኝ?»

ስልኩን በእጃቸው ሰጧት፣ በእጇ ተቀበለች። ከጠረጴዛዋ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ቦታ አገኙ። እኔን ቀና ብላ አየችኝና የሚጠገን ስልክ ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልያዝሁም አልሁ።

ሱቅ ገብቼ ቶቡን አወረድሁት። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ብረቱ ያቃጠላቸው ነጠብጣቦች አሉ። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ነገር አየሁ፤ የስልክ ካርቶን ቀድዳ የሠራችው ማራገቢያ ነው፣ መያዣው በላብ ጠቁሯል። ቬንትሌተሩን ወደዚያ አዞርሁት። ካርቶኑ ግድግዳውን እየመታ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ።